ምልክት ወይስ ሰው? በጥንታዊ ሥዕልና ድርሰት ስለሚታየው የአልቢኒዝም ገጽታ

ከላስታ ተራሮች በስተምሥራቅ ተነጥፎ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ የሚዘልቀው የራያ ቆላ የፀሐይ አገር ነው። ከቆቦ ከተማ ወጣ ሲሉ የሚታየው ሰፊ ሜዳ በክረምቱ መውጫ በማሽላ ይሸፈናል፤ በጋው ሲጠና ግን ሰውም ከብቱም ጥላ ፍለጋ ከግራር ሥር ይሰበሰባል። ገበሬው የሚያርሰው፣ እረኛው ከብት የሚያግደው፣ ባልቴቷ ወደ ገበያ የምትወርደው በዚሁ ፀሐይ ሥር ነው። የአገሬው ሰው ቆዳም ከዚህ ፀሐይ ጋር ተስማምቶ የኖረ ነው፤ ሜላኒን የተባለውን ቀለም በውስጡ ይዞ የጨረሩን ኃይል ይመክታል።

በዚህ አገር ያለዚያ ቀለም የሚወለድ ሕፃን ምን ተብሎ ይጠራል? አማርኛ የሰውን መልክ ለመለየት ቃል አያንሰውም። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ እያለ ባዕድ ሰው በማያስተውለው ደረጃ ልዩነቱን ይዘረዝራል። «ነጭ» የሚለውን ቃል ግን ከባሕር ማዶ ለመጣ እንግዳ ትቶታል። ስለሆነም ከጠይም አባትና ከቀይ ዳማ እናት ተወልዶ ቆዳው ወተት የመሰለ፣ ጠጉሩ የደረቀ የማሽላ አገዳ ቀለም የያዘ ሕፃን በገዛ እናቱ ቋንቋ ውስጥ ስም ያጣል። መንደርተኛው ወይ «ፈረንጅ» ይለዋል፣ ወይ ከለምጽ ጋር ያምታታዋል፣ ወይም የቁጣ አለዚያም የተአምር ምልክት ያደርገዋል። ተረቱ «የመልክ ጥፉን በስም ይደግፉ» ይላል። እዚህ ላይ ግን የጠፋው መልኩ ሳይሆን ስሙ ነው።

ነገሩ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ሰው ሌላውን ሰው የሚያየው በቃል ብቻ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በሰማው ተረት፣ በግድግዳ ላይ ባየው ሥዕል፣ በመድረክ ላይ በተመለከተው ገጸ ባሕርይ ጭምር ነው። ኪነ ጥበብ ዓይን ያስተምራል። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው፣ ኪነ ጥበብ በዘመናት ውስጥ አልቢኒዝም ያለበትን ሰው እንዴት አየው? ባየበትም ዓይን ሌላውን እንዴት እንዲያይ አስተማረ? የሚለው ነው። ይህ የሥነ ውበት ጥያቄ የሚመስል፣ በውስጡ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ሁለት ሕፃናት፣ ሁለት መጻሕፍት

የዚህ ታሪክ ጥንታዊ ምስክር የሚገኘው ሩቅ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ በምሉዕነት ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪደርስ ድረስ የምዕራቡ ዓለም ሊቃውንት መጽሐፉን ጠፍቷል ብለው ነበር። በዚህ መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ፣ በምዕራፍ 106፣ የኖኅ ልደት ይተረካል። የተወለደው ሕፃን ገላው ከበረዶ የነጣ፣ ከጽጌረዳም የቀላ ነው፤ የራስ ጠጉሩ የበግ ፀጉር ይመስላል፤ ዓይኖቹን ሲገልጥ ቤቱ በብርሃን ይሞላል። አባቱ ላሜሕ በደስታ ፈንታ ይደነግጣል። ይህ ልጅ ከእኔ አይደለም፣ ከመላእክት ወገን ነው ብሎ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ይሸሻል። ማቱሳላም ነገሩን ይዞ ወደ ሄኖክ ይጓዛል።

እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም አርኖልድ ሶርስቢ እ.ኤ.አ. በ1958 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ይህ ገለጻ የአልቢኒዝም ገለጻ እንደሆነ አመልክቷል። እርግጥ ነው፣ ትረካን እንደ ሕሙም አስተኝቶ መመርመር አይቻልም። ይሁንና ገለጻውን የጻፈው ጥንታዊ ሰው እንዲህ ያለ ሕፃን አይቶ ወይም ሰምቶ ሊሆን እንደሚችል መገመት ከእውነት የራቀ አይደለም። እንዲሁ በግዕዝ ብቻ በምሉዕነት የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ የላሜሕ ሚስት ቤቴኖስ የአባቱ ወንድም ልጅ እንደነበረች ይናገራል። የዛሬው ሳይንስ እንደሚያስረዳው አልቢኒዝም የሚከሠተው ሁለቱም ወላጆች፣ በገዛ መልካቸው ላይ ሳይታይ፣ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት ሲይዙ ነው። እንዲህ ያሉ ባልና ሚስት በሚወልዱት በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ነገሩ የመከሠት ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የሥጋ ዘመዳሞች ሲጋቡ ዕድሉ ከፍ ይላል። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ ቢኖርም፣ ከሰባት ቤት ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎችም ይህን ምልክት ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ አባትና እናት እኩል ድርሻ አላቸው፣ ጥፋት ግን የማንም አይደለም። ስንት እናት ባልፈጸመችው በደል እንደምትጠረጠር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል እውቀት አይደለም።

ሁለተኛው መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ በግሪክኛ የተጻፈ ነው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኤሜሳው ሄሊዮዶሮስ «ኢትዮጵያዊ ታሪክ» በሚል ርእስ ረጅም ልብ ወለድ ደረሰ። በዚያ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን አገር፣ በተለይም መርዌን ማለታቸው ነበር። በልብ ወለዱ ውስጥ ጥቁሩ ንጉሥ ሂዳስፔስና ጥቁሯ ንግሥት ፐርሲና ነጭ ሴት ልጅ ይወልዳሉ። ምክንያቱ፣ እንደ ደራሲው አባባል፣ ንግሥቲቱ በፀነሰች ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ የተሣለውን የአንድሮሜዳን ሥዕል ማየቷ ነው። ንግሥቲቱ በዝሙት እንዳትከሰስ ፈርታ ታሪኳን በጥልፍ ጽሑፍ ካሰፈረችበት ጥብጣብ ጋር ልጇን ለማንም ሳታሳውቅ ትጥላለች። ካሪክሌያ የተባለችው ይህች ልጅ በግሪክ አገር አድጋ፣ በመጨረሻ ምርኮኛ ሆና ወደ መርዌ ትመለሳለች፤ ለጨረቃ አምላክ መሥዋዕት ልትሆንም ትቀርባለች። የሚያድናት ጥብጣቡ፣ በክንዷ ላይ ያለው ጥቁር ምልክትና ያ የግድግዳ ሥዕል ናቸው። ሥዕሉ መጥቶ ከፊቷ ጋር ይነጻጸራል፤ አባቷም ያምናል።

የሄሊዮዶሮስ ምክንያት ከሳይንስ ጋር አይሄድም። የሥነ ምግባር ጉዳዩ ግን ከመጽሐፈ ሄኖክ ጋር አንድ ነው። በሁለቱም ዘንድ ነጭ ሕፃን ይወለዳል፤ በሁለቱም ዘንድ የመጀመሪያው ስሜት ፍርሃት ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የእናት ክብር ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ልዩነቱ በመልሱ ላይ ነው። ካሪክሌያ ተቀባይነት ያገኘችው ማስረጃ አቅርባ ነው፤ ጥብጣብና ሥዕል ባይኖራት ኖሮ በአባቷ ትእዛዝ ትታረድ ነበር። ለኖኅ የተሰጠው የሄኖክ መልስ ግን ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው፣ ልጁ በእውነት የላሜሕ ልጅ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ ከጥፋት ውኃ የሚተርፍና ዘርን የሚያስቀር ነው የሚል ነው። አንባቢው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ነው። ከሥነ ምግባር አንጻር ሲታይ ግን ክብደቱ በመጀመሪያው ላይ ነው። ምክንያቱም ጥያቄው ይህ ነው፦ መርከብ የማይሠራው ሕፃንስ? ከቆቦ ወይም ከሮቢት ገበሬ ቤት የተወለደው፣ ዓለምን ለማዳን ሳይሆን እንደ ታላላቆቹ አርሶ ለመብላት የመጣው ሕፃን፣ እርሱስ የአባቱ ልጅ ነውን?

የግድግዳው ሕግ

ከራያ ሜዳ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የላስታን ተራሮች ያያል። በእነዚያ ተራሮች ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ፣ የላሊበላ ቤተ ማርያምና የገነተ ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ጀምሮ እስከ ቅርብ ዘመን የተዘረጋው የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሕዝቡ የንባብ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ መልካሙንና ክፉውን የለየው ከዚያ ነው።

ይህ ሥዕል የራሱ የሆነ ሕግ አለው። በተለይ በኋለኞቹ ዘመናት ሥራዎች ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለት ዓይናቸው ጎልቶ፣ ተመልካቹን ፊት ለፊት እያዩ ይሣላሉ። ይሁዳ፣ ገራፊዎቹና አጋንንቱ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ፊቱን የሚያዞር እውነትን የሚሸሽ ነው። ሕጉ ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ሕፃንም ቢሆን በአንድ እይታ ይረዳዋል።

አሁን ይህን ሕግ የተማረ ዓይን አልቢኒዝም ወዳለበት ልጅ ይመለስ። የሜላኒን እጥረት የሚጎዳው ቆዳን ብቻ አይደለም። የዓይን ውስጠኛው ክፍል በቅጡ ስለማይዳብር ልጁ ሩቅ ያለውን አጥርቶ አያይም፤ ብርሃን ይወጋዋል፤ ዓይኖቹም ያለፈቃዱ ይርገበገባሉ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘወር ሲያደርጉ የዓይናቸው መርገብገብ ይቀንሳል፤ የተሻለም ያያሉ። ስለዚህ የሚያነጋግራቸውን ሰው በጎን ያዩታል። በቆቦ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። በግድግዳው ሕግ ቢዳኝ ይህ ልጅ ከገራፊዎቹ ጎን ይቆማል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ፊቱን ያዞረው ለመሸሽ አይደለም፤ ለማየት ነው። በዚያ ገበያ መካከል የሰውን ፊት ለማየት ከእርሱ የበለጠ የሚደክም የለም።

ይህን ማለት የጥንቱን ሠዓሊ መውቀስ አይደለም። ሠዓሊው ሕጉን ያወጣው ስለ ነፍስ ሊናገር እንጂ ስለ ሥጋ ሕመም አልነበረም። ስሕተቱ የሚጀምረው ተመልካቹ የሥዕሉን ቋንቋ ወደ ገበያ አውጥቶ በሕያው ሰው ላይ ሲጠቀምበት ነው። ለሥዕል የተሰጠ ምልክት ለሰው ሲሰጥ ፍርድ ይሆናል።

መለኪያና መድረክ

በአውሮፓ የነገሩ አካሄድ ሌላ ነበር። በዚያ ምልክቱን የተካው መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1744 ከጥቁር ወላጆች የተወለደ አንድ ነጭ ሕፃን ፓሪስ ላይ ለሊቃውንት ታየ። ሞፐርቱዊ የተባለው ሊቅ ክሥተቱ ከወላጆች የሚወረስ የተፈጥሮ ልዩነት መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ። ስለ ሰው ልጅ ነፃነት ብዙ የጻፈው ቮልቴር ግን ያንኑ ሕፃን አይቶ ራሱን የቻለ ሌላ የሰው ዘር ነው አለ። ሁለቱም ያዩት አንድ ልጅ ነው። ይህም ዕውቀትና ንቃት ብቻቸውን ሰውን በሰውነቱ ለማየት እንደማያበቁ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1777 ቡፎን በታላቁ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ተጨማሪ ክፍል ላይ ከዶሚኒካ ደሴት የመጣች ዤንቪዬቭ የምትባል ወጣት በቅርጽ ሥዕል አሳተመ፤ አካሏንም ክፍል በክፍል ለክቶ አሰፈረ። ሥዕሉ ለሳይንስ ያደረገው አስተዋፅኦ አለ። ነገር ግን ከልኬቱ ሁሉ መካከል ዤንቪዬቭ ራሷ ስለ ዓለም ምን ታስብ እንደነበር የሚናገር የለም። በኢትዮጵያ ሥዕል ጻድቁ ተመልካቹን ያየዋል፤ በዚህ ሥዕል ግን የምትታየው ብቻ ናት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መለኪያው ወደ መድረክ ተሻገረ። የባርነም የኒው ዮርክ ሙዚየም የሉካሲን ቤተሰብ ትኬት በቆረጠ ሕዝብ ፊት አቆመ፤ ከሪየርና አይቭስ የተባሉት አሳታሚዎችም የቤተሰቡን ሥዕል ከማዳጋስካር የመጡ ድንቅ ሰዎች ናቸው ብለው አባዝተው ሸጡት። አባት፣ እናትና ልጅ በክብር ልብስ ተሣልተዋል። ይሁንና ገዢው የሚከፍለው ለክብራቸው ሳይሆን ለእንግድነታቸው ነበር። ልብ ወለዱም በዚሁ መንገድ ቀጠለ። ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው «የማይታየው ሰው» ውስጥ ወደ ወንጀል የሚያመራውን ዋና ገጸ ባሕርይ ለአልቢኖ የቀረበ መልክ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመውና በ2006 ፊልም የሆነው «ዳ ቪንቺ ኮድ»ም ነፍሰ ገዳይ መነኩሴውን አልቢኖ አደረገው። ሩቅ ያለውን ለማየት የሚቸገር ሰው በጨለማ ሌሊት ዒላማ የማይስት ተኳሽ ሲሆን ደራሲና አዘጋጅ ስለ ሰውየው ምንም እንዳልጠየቁ ግልጽ ነው። የፈለጉት ነጭነቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ሰምና ወርቅ

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የኪነ ጥበብ ሰው በምልክት ካልተጠቀመ ምን ይቀረዋል? ቅኔ የበቀለበት፣ ሰምና ወርቅ የኪነ ጥበብ አጥንት የሆነበት ሕዝብ ነጭ ሕፃንን የብርሃን፣ የንጽሕና ወይም የመለኮት ምልክት ቢያደርግ ምን ክፋት አለው? እንዲያውም ከስድብ አይሻልምን?

ተቃውሞው ቁም ነገር ያለው ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ የሚገኘው ግን ከምሳሌው ከራሱ ነው። አንጥረኛ ወርቁን ቅርጽ ለማስያዝ አስቀድሞ በሰም ይሠራዋል፤ በጭቃም ይለብጠዋል፤ ወርቁ በሚፈስበት ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ወርቁ የሚገኘው ሰሙ ሲጠፋ ነው። ቃልን ሰም ማድረግ ቅኔ ነው። ሰውን ሰም ማድረግ ግን ሰውየውን ማቅለጥ ነው። ነጭ ሕፃንን መልአክ የሚል ሰው፣ ሰይጣን ከሚለው ሰው ይልቅ ደግ ቢመስልም፣ ሁለቱም ሕፃኑን አላዩትም። መልአክ አይርበውም፤ የቆላ ፀሐይ አያቃጥለውም፤ ፊደሉ ከሰሌዳው ላይ አልታይ ሲለው አያለቅስም።

ከዚህም የባሰ አደጋ አለ። በዚህ ገላ ውስጥ የተለየ ኃይል አለ የሚለው እምነት፣ ያን ኃይል ለራሴ ላድርገው ከሚለው ምኞት ብዙም አይርቅም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በታንዛኒያ፣ በኋላም በማላዊና በሞዛምቢክ፣ አካላቸው ሀብትና ዕድል ያመጣል በሚል አጉል እምነት አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ተገድለዋል፤ ሕፃናትም እጅና እግራቸውን አጥተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ሰኔ 6 ቀን በየዓመቱ የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ እንዲከበር የወሰነው ይህ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ገዳዮቹ ሟቹን አልናቁትም ነበር፤ በተቃራኒው ተአምር አድርገውታል። ሰውን ተአምር ማድረግ ከመናቅ የማይሻልበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ታዲያ ለኪነ ጥበብ ሰው የሚሆን መመዘኛ የለምን? አለ። ምልክቱ ሲነሣ ሰውየው ይቀራልን? ብሎ መጠየቅ ነው። ከኖኅ ታሪክ የልደቱ ተአምር ቢነሣ ኖኅ ይቀራል፤ እንጨት የጠረበ፣ ልጆች ያሳደገ፣ ወይን ተክሎ የሰከረም ሰው ነው። ከነፍሰ ገዳዩ መነኩሴ ነጭነቱ ቢነሣ የሚቀረው እምብዛም ነው። ከዤንቪዬቭ ሥዕል ልኬቱ ቢነሣ ስሟ ይቀራል፤ ስሟም ብቻውን ስንት ያልተጠየቀ ጥያቄ ያስነሣል።

ሌላም አለ። ምልክቱን ያወጣው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1949 በማሊ የተወለደው ድምፃዊ ሳሊፍ ኬይታ ከሰንዲያታ ዘር የሚቆጠር፣ በአልቢኒዝሙ ምክንያት ግን የተገፋ ሰው ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2009 «ልዩነት» የሚል ትርጉም ያለው አልበም ሲያወጣ የቆዳውን ቀለም የዜማ ርእስ አደረገ። ይህም ምልክት ነው። ይሁን እንጂ የተሸከመው ራሱ ነው፣ የመረጠውም ራሱ ነው፤ የሚዘፍነውም ተመልካቹን ፊት ለፊት እያየ ነው።

ከጥላው ሥር

ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ ከአልቢኒዝም ጋር እንደሚወለድ ይገመታል። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወይም የጥንት መጽሐፍ ጉዳይ አይደለም። መምህሩ ከክፍሉ፣ ካድሬው ከቀበሌው፣ ሠዓሊው ከመንገዱ ያገኘዋል።

ለመምህሩ ተግባሩ ግልጽ ነው። ልጁን ከፊት፣ ከመስኮቱ ብርሃን አርቆ ማስቀመጥ፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ጎላ አድርጎ መጻፍና ጮክ ብሎ ማንበብ፤ ፊቱን ወደ ጎን ሲያዞር አለመቆጣት፤ አላየም ማለት አላወቀም ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል። ሕዝብን ለሚሰበስበውና ለሚያስተምረው ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው የረዘመ ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት የቅንጦት ዕቃዎች እንዳልሆኑ ማስረዳት ይችላል፤ እነዚህ ባለመኖራቸው የሚመጣው የቆዳ ካንሰር ብዙዎችን በለጋነት ቀጥፏልና። ልጁን ከቀትር እረኝነት አውጥቶ ሌላ ሥራ እንዲሰጠው ለአባቱ መምከርም ከእርሱ ይጠበቃል።

ለሠዓሊው፣ ለደራሲውና ለተዋናዩ የቀረው ሥራ ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ ምክንያቱም ያልተሣለ ሥዕል ነው። በኢትዮጵያ ሥዕል ቤት መልአኩ ሞልቷል፤ ጋኔኑም ሞልቷል። ያልተገኘው በነሐሴ ወር ሶለል ከሚጫወቱት የቆቦ ልጃገረዶች መካከል ቆማ፣ ጠጉሯን እንደ እኩዮቿ ተሠርታ፣ ከበሮ የምትመታው ነጭ ልጅ ናት። ያልተገኘው ማሽላ ሊጠብቅ ማማው ላይ የወጣው፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወፉን በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው የሚከታተለው ጎረምሳ ነው። ይህን ሥዕል የሚሥል ሰው ነጩን ቀለም ከሌላው ሁሉ ለይቶ ማጉላት የለበትም፤ መደበቅም የለበትም። ጥላው የት እንደሚወድቅ በጥንቃቄ ይመልከት፤ ዓይኑ ለምን እንደተጨፈነ ይወቅ። ፊቱ ወደ ጎን ቢዞርም የጎን ፊቱን በክብር ይሣለው።

ያ ሥዕል ከአንድ የራያ ቤት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል የመጀመሪያው ተመልካች ማን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። አዲስ የተወለደ ልጁን አይቶ የደነገጠ አባት ነው። ላሜሕ መልሱን ለማግኘት አባቱን እስከ ምድር ዳርቻ መላክ አስፈልጎት ነበር። የዛሬው አባት ግን ሥዕሉን አይቶ ቀና ሲል፣ ከአልጋው ላይ ያለችው ሚስቱ የምትጠብቀውን ያንኑ አጭር መልስ ሊሰጣት ይገባል፤ ልጁ ልጄ ነው።